ያዘነበለው እጀታ

ይህን የምጽፈው የቤቴን በር ለምን እንደማልቆልፍ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው። የቆዩ ጎረቤቶቼ መጠየቅ ትተዋል። አዲስ ተከራይ ወይም ለእንግድነት የሚመጡ የወንድሜ ልጆች ግን አይተዉም። «ሌባ አይፈሩም?» ይሉኛል። «እፈራለሁ» እላለሁ። ከዚያ በላይ አልመልስም። አሁን ዕድሜዬ ስለገፋ አንድ ጊዜ ጽፌው ይውጣልኝ ብያለሁ።

ነገሩ የሆነው ንፋስ መውጫ ከተማ ነው። ያኔ ሃምሳን አልፌ ነበር። ደብረ ታቦር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ጀምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቴ ሞቷል። ያለኝ ልጅ ሙሉቀን ብቻ ነበር፤ ድንበር ላይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ተመዝግቦ ዘመተ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ጦርነቱ አበቃ፣ ሦስተኛው ደብዳቤ አልመጣም።

ከመዝመቱ በፊት በነበረው ክረምት ለበራችን ቁልፍ የገጠመው እሱ ነው። ከዚያ በፊት በጓጉንቸር ነበር የምንዘጋው። ከደብረ ታቦር እጀታ ያለው ቁልፍ ገዝቶ መጣና ቀኑን ሙሉ ጣውላውን በመሮ ሲፈለፍል ዋለ። ሲጨርስ እጀታው ትንሽ ወደ ታች አዘንብሏል።

«ጠማማ ነው» አልኩት።

«እማዬ፣ እጀታ እኮ ነው፤ ታቦት አይደለም» አለኝ።

ቁልፉ ሁለት ነበር። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ፣ ሌላውን አረንጓዴ ክር አስገብቶበት ከማዕተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። የሄደ ዕለትም ክሩን እያሳየኝ፣ «ቤት ብትኖሪም ባትኖሪም ከፍቼ እገባለሁ» አለ። ስለ ቁልፉ ለማንም አላወራሁም። ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለጎረቤቴ ለየዝና፣ አንድ ቀን ቡቃያ ስንለቅም ነግሬአታለሁ።

ዓመት ዓመትን ሲተካ እጀታው አረጀ። መጀመሪያ መላላት ጀመረ፣ ቀጥሎ መንቃቃት፣ በመጨረሻ የውስጡ እጀታ ከሥሩ ተቆረጠ። ሁለቱን እጀታዎች የሚያገናኘው አራት ማዕዘን የብረት ዘንግ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ቀረ። እኔም ዘንጉን በፒንሳ እየያዝኩ አዞር ነበር። ፒንሳው በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ሁኔታ ከዓመት በላይ ኖሬአለሁ።

«ሰው ቤት ገብቶ ለመውጣት ፒንሳ ይጠይቃል?» ትለኝ ነበር የዝና። «አስቀይሪው እንጂ!»

«እሺ» እላታለሁ። አላስቀይርም። እጀታውና ቁልፉ አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ እጀታው ከተቀየረ ቁልፉ ይቀየራል። ቁልፉ ከተቀየረ ሙሉቀን አንገት ላይ ያለው ቁልፍ የምንም አይሆንም። ይህን የዝናም ታውቀዋለች። እኔ እንዳልናገረው እሷም አትናገረውም።

በዚያ ዓመት መኸር ላይ ግን ዘንጉ በፒንሳም መዞር እንቢ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ቢሮ አረፈድኩ። በማግስቱ ሞላን አገኘሁትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እንዲያየው ነገርኩት። «እይልኝ» ነው ያልኩት፤ «ቀይርልኝ» አላልኩም። ሞላ የሰፈራችን አናጢ ነው። በር ይገጥማል፣ ጣራ ያለብሳል። ከዚህ ሌላ የዕድራችንን ጥሩምባ የሚነፋ እሱ ነው። ሰው ሲሞት በጎህ እየዞረ የሚለፍፍ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ማወቅ አለባችሁ። ያ ሰሞን በከተማችን የመርዶ ሰሞን ነበር። ከዘመቱት ያልተመለሱት ልጆች መርዶ የሚመጣው ያኔ ነው። በእኛ መንገድ ብቻ ሦስት ቤት ተረድቷል። መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ በማለዳ ይሄዱበታል። የንስሐ አባቱ አይቀሩም። በር ላይ ቆመው አይናገሩም፤ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ የሚደግፈው ሰው በግራ በቀኝ መኖሩን ያያሉ። እስከዚያ ድረስ ምን አመጣችሁ ቢባሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ለደህና ነው።» ካልሆነም ምክንያት ይፈጥራሉ። የዝናን የባሏን ሞት ሊያረዷት የመጡት የጤፍ ወንፊት ልንዋስ ነው ብለው ነው። ስለዚህ ሰው በማለዳ ደጃፌ መጥቶ «ለደህና ነው» ካለኝ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገኝም ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ኅዳር። ውርጩ የጎመኑን ቅጠል አንጥቶት ያደረበት ጠዋት። ፊቴን ልታጠብ ውኃ ስቀዳ በሩ ተንኳኳ።

«ማን ነው?»

«እኛ ነን» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

ድምፁን አወቅሁት። የንስሐ አባቴ አባ ይትባረክ ናቸው።

«አባ? በዚህ ሰዓት?»

«ለደህና ነው ልጄ። ክፈቺ።»

የያዝኩትን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ውኃው አልፈሰሰም፤ ይህን አስታውሳለሁ።

«ከእርስዎ ጋር ማን አለ?»

«ሞላ ነኝ እትየ ብርቄ። ለቁልፉ ነው የመጣሁት።»

ሞላን የቀጠርኩት ለቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነው። ብቻውን ነው። በሐሙስ ጎህ ከቄስ ጋር የሚመጣው ሞላ አናጢው ሞላ አይደለም፤ ጥሩምባ ነፊው ነው። «ለቁልፉ» ማለቱን ከጤፍ ወንፊቱ ለይቼ አላየሁትም።

ሂጄ መክፈቻውን አዞርኩ። ፒንሳውን ከሚስማሩ አነሣሁ። ዘንጉን ልይዝ ስል ሞላ ከውጭ ሊያግዘኝ ብሎ እጀታውን ሳበው። ዘንጉ ከእጀታው ጋር ወጥቶ ወደሱ ሄደ። በሩ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ቀረ። በቀዳዳው ቀጭን ብርሃን ገባ፤ ንፋስም ገባ።

«ኧረ ወጣ!» አለ ሞላ። መልሶ ከተተው። ሲያዞረው በባዶ ዞረ። እንደገና አዞረው። «ጥርሱ ተበልቷል እትየ። የቁልፉ ምላስ አልመለስ አለኝ።»

«ልጄ» አሉ አባ፣ «ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። አሁን ይከፈታል።»

ተቀመጪ ማለታቸው አስፈራኝ።

ቤቴ አንድ በር ነው ያለው። መስኮት አለኝ፣ ግን አልከፈትኩትም። መስኮቱን ብከፍት ፊታቸውን አያለሁ። ፊታቸውን ካየሁ ይነገረኛል። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ግን ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም፤ መርዶ በተዘጋ በር አይነገርም። ሙሉቀን በዚህ ዓለም ላይ ያለው ይህ በር እስኪከፈት ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ በኩል ሆኜ ሞላ እንዳይሳካለት ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ ምነው በፈጠነ አልኩ። ሁለቱንም ነበር የምመኘው።

«አባ፣ ልጄ ነው?» አልኩ በቀዳዳው።

«የለም፣ የለም! ማን ስለ ልጅሽ አወራ? ለደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

ሞላ መሮውን በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብቶ መምታት ጀመረ። በዚህ መሀል የአጥር በራችን ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። የዝና ናት፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አይታቸው ነው። ከዚያ ባሊዋ መሬት ላይ ወደቀ።

«ወይኔ ሙሉቀን! ወይኔ የብርቄ አንድዬ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ አባ። «ምን አይተሽ ነው?»

«አንቱንና ሞላን አየሁ! ሌላ ምን ልይ!»

«ቁልፍ ልቀይር ነው የመጣሁት» አለ ሞላ።

«አንተ ደግሞ! የባሌን ጊዜ ወንፊት ነበር ያላችሁኝ!»

ጩኸቷን የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጣ። እግራቸው ውርጩን ሲሰብረው ይሰማኝ ነበር። አንዷ «ልቤ ድሮም ያውቀው ነበር» አለች። አንድ ሰውዬ «ይብላኝ ለእሷ፣ አፈሩን እንኳ አላለበሰችው» አለ። አባ «ምንም የለም፣ ምንም የለም!» እያሉ ይዞራሉ፤ የሚያምናቸው ጠፋ። እኔም አላመንኳቸውም።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልጽፍ ነው።

አልጮህኩም። ወደ ሣጥኑ ሄድኩና ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ አወጣሁ። ቀሚሱ የተሰፋው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጨርቁን ገበያ ገዝቼ፣ የማያውቀኝ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ፣ በልኬ አሰፍቼ፣ ተኩሼ ነው ያስቀመጥኩት። በሩን ልጄ ይመጣል ብዬ አልቀይርም እያልኩ፣ ሣጥኔ ውስጥ ይህ ነበረኝ። አውጥቼ ለበስኩት። የቀሚሱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፍኩ። ስለብስ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም። ሸክም ያወረደ ሰው ትከሻው እንደሚቀለው ቀለለኝ። «አለቀ» አልኩ። «አሁን አለቀ።»

ያኔ ነው የዝና ሙሾ ያወረደችው። የዝና በሰፈራችን ለቅሶ አውጪ ናት፤ ድምፅዋ ሌላ ነው። ሰዉ ሁሉ ዝም አለላት፦

«ቁልፉን አንገቱ ላይ በክር አንጠልጥሎ፣
በሩ ሳይከፈት ቀረ ወይ እንዲያው ተንከራትቶ…»

አይ፣ እንዲህ አልነበረም። ስንኙን ልክ አድርጌ ልጽፈው፦

«ቁልፉን ይዞ ሄዶ በሩን ለማን ትቶ፣
እናቱ ስትጠብቅ ቀረ ወይ ሰንብቶ።»

የመጀመሪያውን እኔ ነኝ ከዓመታት በኋላ በሕልሜ ይሁን በውኔ የገጠምኩት። ይቀላቀልብኛል። የእሷ ሁለተኛው ነው።

ሙሾው ልክ ነበር፤ ቃሉ ሁሉ ቦታ ቦታው ገብቷል። እኔ መዝገብ ቤት የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የቆየ ወረቀትና ዛሬ የተጻፈ ወረቀት አይጠፋኝም። ይህ በዚያች ደቂቃ የተገጠመ አልነበረም። ተሠርቶ፣ ተስተካክሎ፣ የተቀመጠ ነው። ቡቃያ ስንለቅም የነገርኳትን ይዛ ሄዳ፣ ልጄን ቀብራው፣ ቀኑን ስትጠብቅ ኖራለች። በየጠዋቱ «ዛሬስ ደብዳቤ የለም?» የምትለኝ እሷ ናት።

መሮው አንድ ጊዜ ጮኸ። ምላሱ ተሰበረ። በሩ ተከፈተ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ከፊት አባ ይትባረክ መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ በሌላው ጠበል የያዘ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። ሞላ ጋቢውን ጥሎ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። ጥቁር ለብሼ ሲያዩኝ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ።

«ምን ለብሰሽ ነው?» አሉ አባ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሰምተሽ ነው?»

«ንገሩኝ» አልኩ። «ቆሜ እሰማለሁ።»

አባ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። «በዚህ መስቀል! ስለ ልጅሽ የሰማሁት ነገር የለም። ይሙት ይኑር አላውቅም። የመጣሁት ለቁልፉ ነው!»

ሞላ ጋዜጣውን ፈታው። አዲስ እጀታ፣ ከነቁልፉ።

«እትየ፣ ዛሬ ስማዳ ለጣራ ሥራ ተጠርቼ ሳምንት እቆያለሁ» አለ፤ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። «ሳልሠራልዎ እንዳልሄድ ብዬ ነው በማለዳ የመጣሁት። ኪዳን ላይ አባን አገኘኋቸውና ሙሉቀን የገጠመውን ቁልፍ መንካት እጄን ከበደኝ አልኳቸው። ጠበል ይዤ ልከተልህ አሉኝ። ሌላ ነገር የለም። ድሮስ ጥሩምባ የሚነፋ ሰው መዶሻ ልያዝ ቢል ማን ያምነዋል!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አቆመ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሊያቃኑ እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱ፤ ግን አንዷ ሌላዋን እያየች አፈረች። በሕይወት ላለ ሰው ያለቀሰ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሟርት ይሆናል። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዝናን ፈለግኳት። ከባሊዋ አጠገብ ቆማለች። እኔ አፏን አየሁ፤ እሷ ቀሚሴን አየች። እጅጌውን፣ ወገቡን፣ የተተኮሰውን እጥፋት አየች። የተዋስኩት እንዳልሆነ ገባት። እኔ ሙሾዋ የቆየ እንደሆነ እንደገባኝ ሁሉ ማለት ነው። ማንም ማንንም ሊወቅስ አልቻለም።

አባ ጠበሉን ረጩ፤ በሩን፣ እኔን፣ ሰዉን። አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። «ግቡ» አልኳቸው። ገቡና የለቅሶ ቤት አቀማመጥ ተቀመጡ። ሌላ አቀማመጥ በዚያ ሰዓት አልመጣላቸውም።

ሞላ አሮጌውን ቁልፍ ፈትቶ ሲያበቃ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ እንዳለ ጠየቀኝ። «እትየ፣ ይኸ ሆዱ አልቋል፤ አይጠገንም። አዲሱን ልግጠመው ወይስ ለጊዜው በመቀርቀሪያ ይሁንልዎ?»

«የልጄ ቁልፍ ለአዲሱ ይሆናል?»

«አይሆንም እትየ።»

ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ መልሴን እየጠበቀ ነበር። አይቀየርም ብል ሟርቱን የፈራሁ፣ ቀይረው ብል ልጄን የቀበርኩ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ጥቁር ለብሼ ተቀምጫለሁ።

«ግጠመው» አልኩ።

ገጠመው። ጎበዝ አናጢ ስለሆነ እጀታው ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ የትም አላዘነበለም። አዳዲስ ሦስት ቁልፎች በአንድ ክር ታስረው እጄ ላይ አደረገልኝና ስማዳ ሄደ። ሰዉም አንድ በአንድ ወጣ። የዝና መጨረሻ ወጣች። በሩ ላይ አዲሱን እጀታ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። «ለስላሳ ነው» አለች። ይህን ብቻ።

ሲመሽ በሩን ዘጋሁና ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ» አለ። ያንን ድምፅ በሰማሁ ጊዜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣው ነገር መጣብኝ። ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ልጄ አረንጓዴውን ክር ከአንገቱ አውልቆ ቁልፉን ሲሞክር ታየኝ። አልገባ ሲለው። ገልብጦ ሲሞክር። ቤት ተሳስቼ ይሆን ብሎ ዘወር ሲል። ቁልፉን መልሼ ፈታሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆልፌው አላውቅም። ሦስቱ ቁልፎች ዛሬም ከነክራቸው አሉ፤ አንዳቸውም አላረጁም።

መርዶ አልመጣም። ልጄም አልመጣም። በኅዳር ንፋስ ሲበረታ እጀታው ከውጭ በኩል ይንቀጠቀጣል፤ ንፋስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ተነሥቼ አያለሁ። እግር እንዳለፈ የሚመስለኝ ጠዋት አለ። ደረጃው ላይ ውርጩን አየዋለሁ፤ የተረገጠ የለም። አንድ ቀን የተረገጠ ነበር፤ የውሻ ይሁን የሰው አልለየሁትም፤ ሰው ጠርቼም አላሳየሁም።

ከየዝና ጋር አልተኳረፍንም። በየጠዋቱ በሬን ገፋ አድርጋ «አደርሽ?» ትለኝ ነበር። ስለ ደብዳቤ መጠየቅ ተወች። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ ነው የጠየቅኋት።

«ግጥሙ ስንት ስንኝ ነበር?»

አልገረማትም። «ስምንት» አለች።

«ያን ቀን ሁለት ነው ያልሽው።»

«በሩ ተከፈተብኝ።»

«ቀሪውን አትንገሪኝ።»

«አልነግርሽም» አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ካቻምና ስትሞት ስድስቱ ስንኝ አብሮ ተቀበረ። ጥቁሩን ቀሚስ ያኔ ለበስኩት፤ ለሁለተኛ ጊዜ። ወገቡ ሰፍቶኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከጎረቤታችሁ መንገድ ሄዶ የቀረ ሰው ቢኖር ግጥም አትግጠሙለት ልላችሁ አልችልም። ቀሚስ ያሰፋች ሴት እንዲህ ማለት አትችልም። እኔ ከዚያ ጠዋት የተማርኩት ሰው በአንድ እጁ በር ከፍቶ በሌላው መቃብር ሊቆፍር እንደሚችል ነው፤ ሁለቱም እጅ የራሱ ነው። በፊት ይህን በሌላው ላይ ባየው እፈርድ ነበር። አሁን አልፈርድም። የተለወጠብኝ ይኸው ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ልማድ አብሮኝ ቀርቷል። ከቤተ ክርስቲያንም ሆነ ከገበያ ስመለስ፣ በሩ ክፍት መሆኑን እያወቅሁ፣ ዝም ብዬ አልገባም። የራሴን በር አንኳኳለሁ። ምናልባት ልጄ ቀድሞኝ ገብቶ ከውስጥ «ማን ነው?» ይል እንደሆነ ብዬ ጥቂት እጠብቃለሁ። ከዚያ እጀታውን ወደ ታች እጫነዋለሁ።